ያረጀ የቤት ማቀዝቀዣና ማሞቂያ ሲተካ፦ በባሕር ዳርና በጣና ሐይቅ ዳርቻ ለሚኖሩ ቤተሰቦች የተዘጋጀ መረጃ

ባሕር ዳር ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ፣ በጣና ሐይቅ ደቡባዊ ዳርቻ የምትገኝ ከተማ ናት። ከየካቲት አጋማሽ እስከ ግንቦት ባለው ጊዜ የቀኑ ሙቀት ወደ 30 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ይጠጋል። በታኅሣሥና በጥር ደግሞ ሌሊቱ ከ10 ዲግሪ በታች የሚወርድበት ጊዜ ብዙ ነው። ክረምቱ ዝናባማና እርጥበት የበዛበት ቢሆንም ሙቀቱ መካከለኛ ነው። ስለዚህ በአካባቢው የቤት ማቀዝቀዣ የሚያስፈልገው ለጥቂት ወራት፣ በቀን ውስጥም ለጥቂት ሰዓታት ሲሆን፣ ማሞቂያ የሚያስፈልገው በበጋው ብርድ ወቅት ማለዳና ምሽት ላይ ብቻ ነው። የተበላሸ ወይም ያረጀ መሣሪያ የሚተካ ቤተሰብ ገበያ ከመውጣቱ በፊት ይህን ሊያስብበት ይገባል። ለቆላ ከተሞች ወይም ለባሕር ጠረፍ ታስቦ የተገዛ ትልቅ መሣሪያ እዚህ አብዛኛውን ዓመት ሥራ ፈትቶ ይቀመጣልና።

በቅድሚያ ሊተካ የሚገባው፦ የከሰል ምድጃ

በአካባቢው አብዛኛው ቤት “ማሞቂያ” ተብሎ የተገዛ መሣሪያ የለውም። ብርድ ሲበረታ የሚሞቀው ቡና የተፈላበት የከሰል ምድጃ ነው። ምድጃው ወደ መኝታ ክፍል ገብቶ በርና መስኮት ሲዘጋ ግን የሚያስከትለው አደጋ ከብርዱ እጅግ የከፋ ነው። በየዓመቱ በብርዱ ወራት በልዩ ልዩ የአገራችን አካባቢዎች ተኝተው ያልነቁ ሰዎች ዜና የሚሰማውም በዚሁ ምክንያት ነው።

ከሰል በቂ አየር ሳያገኝ ሲነድ ካርቦን ሞኖክሳይድ የተባለ ጋዝ ያመነጫል። ይህ ጋዝ ቀለምም ሽታም የለውም። በደም ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመውን ሄሞግሎቢን ከኦክስጅን 200 ጊዜ ያህል በላቀ ኃይል ስለሚይዝ ሰውነት እየተነፈሰም ኦክስጅን ያጣል። የባሕር ዳርን ያህል ከፍታ ባለው ቦታ አየሩ ቀድሞውንም የሳሳ በመሆኑ ጉዳቱ ይበልጥ ይፋጠናል። ብዙ ሰው ጢስ የማይታይበትን፣ ቀልቶ የበሰለ ፍም ደኅና አድርጎ ይቆጥረዋል። ይህ ትክክል አይደለም። ጢሱ ካለቀ በኋላም ጋዙ ይወጣል፤ ዐመድ የለበሰ ፍምም ሌሊቱን ሙሉ ያመነጫል።

በተለይ ጥንቃቄ የሚያሻው የአራስ ክፍል ነው። አራሷና ሕፃኑ ብርድ እንዳይመታቸው ተብሎ መስኮቱ ተደፍኖ፣ መጋረጃ ተጥሎ ምድጃ የሚገባበት ልማድ በብዙ ቤት አለ። ሕፃን ከአዋቂ ሰው ይልቅ ቶሎ ቶሎ ስለሚተነፍስ ጋዙን የሚወስደውም በፍጥነት ነው። ለአራስ ክፍል ከሰልን በኤሌክትሪክ ማሞቂያ መተካት በዚህ ጽሑፍ ከተዘረዘሩት ወጪዎች ሁሉ ቅድሚያ ሊሰጠው የሚገባ ነው። አንድ የዘይት ሂተር ወይም ተመሳሳይ ማሞቂያ ለአንድ መኝታ ክፍል ይበቃል፤ የሚያስፈልገውም ለጥቂት ሳምንታት ስለሆነ ጎረቤትና ዘመድ ተዋውሶ ሊጠቀምበት ይችላል። መብራት በሚቋረጥበት ጊዜ ደግሞ ጋቢ፣ ብርድ ልብስና በጨርቅ የተጠቀለለ የሙቅ ውሃ ጠርሙስ (ለሕፃን ገላ ሳይነካ) ከምድጃ ይሻላሉ።

በአንድ ቤት ያሉ ሰዎች በአንድ ጊዜ ራስ ምታት፣ ማዞር፣ ማቅለሽለሽና የጉልበት መክዳት ከተሰማቸው ጋዝ መሆኑን መጠርጠር ያስፈልጋል። በሩን መክፈት፣ ሰዎቹን ወደ ውጭ ማውጣትና ሳይዘገዩ ኦክስጅን ወዳለበት ጤና ተቋም መውሰድ የመጀመሪያው እርምጃ ነው። በከተማው ውስጥ የፈለገ ሕይወትና የጥበበ ግዮን ሆስፒታሎች ይገኛሉ። ወተት ማጠጣት ወይም ሽንኩርት ማሽተት ጋዙን ከደም አያስወጣም፤ ጊዜ ያባክናል። ሕሊናውን ለሳተ ሰው በአፉ ምንም ነገር መስጠት ራሱን የቻለ አደጋ አለው።

ከመሣሪያው በፊት ጣሪያው

ባሕር ዳር ከምድር ወገብ በስተሰሜን 11.6 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለምትገኝ፣ ፀሐይ በሚያዝያ አጋማሽ እኩለ ቀን ላይ በትክክል ከአናት በላይ ትሆናለች። ይህም ሰማዩ ጥርት ካለበትና ዓመቱ ከሚሞቅበት ጊዜ ጋር ይገጥማል። (በነሐሴ አጋማሽም እንዲሁ ከአናት ትውላለች፤ ያን ጊዜ ግን ደመና ይከልላታል።) በዚህ ምክንያት በሞቃቱ ወቅት ቤቱን የሚያግለው በዋናነት ግድግዳው ሳይሆን ጣሪያው ነው። ኮርኒስ የሌለው የቆርቆሮ ክዳን ቀን እንደ ምጣድ ግሎ ሙቀቱን ወደ ታች ይለቃል፤ ሌሊት ደግሞ የቤቱን ሙቀት ወደ ሰማይ አሳልፎ ይሰጣል። ቤቱ በሚያዝያ የሚያቃጥለውም በታኅሣሥ የሚያንቀጠቅጠውም በዚያው ቆርቆሮ ነው። የሣር ክዳን ያለው የቀድሞው ቤት በሁለቱም ወቅት ይሻል እንደነበር አረጋውያን ሲናገሩ የሚሰማው ትዝታ ብቻ አይደለም፤ ወፍራም ሣር አየር አፍኖ ስለሚይዝ ሙቀት በቀላሉ አያሳልፍም።

ስለዚህ ኮርኒስ በሌለው ቤት ውስጥ ኤር ኮንዲሽነር መትከል ገንዘብን ከቆርቆሮው ጋር ማጋየት ነው። የቺፕውድ፣ የጂፕሰም ወይም የሳጠራ ኮርኒስ መሥራት፣ በኮርኒሱና በቆርቆሮው መካከል ቢያንስ 30 ሴንቲ ሜትር ክፍተት መተው፣ በክፍተቱ ሁለት ጫፍ ወንፊት የተገጠመለት የአየር መውጫ ማበጀት ይመከራል። አቅም የፈቀደለት ከቆርቆሮው ሥር አንጸባራቂ ፎይል ያነጥፋል። የዛገ ወይም የጠቆረ ቆርቆሮን ነጭ ቀለም መቀባት ከሁሉም ያነሰ ወጪ ያለው ሥራ ሲሆን፣ ቀለሙ በአቧራና በዝናብ እየደበዘዘ ስለሚሄድ በየጥቂት ዓመቱ መታደስ ይኖርበታል።

ቀጥሎ የሚታየው የነፋሱ አቅጣጫ ነው። ቀን የብሱ ከሐይቁ ይልቅ ስለሚግል ነፋሱ ከሐይቁ ወደ ከተማው፣ ማለትም ከሰሜን ወደ ደቡብ ይነፍሳል። ሌሊት አቅጣጫው ይገለበጣል። ሐይቁን በሚያይ ወገንና በትይዩው መስኮት ያለው ቤት ይህን ነፋስ ያለ ክፍያ ያገኛል፤ በሰሜን በኩል በግንብ አጥር ወይም በተጨማሪ ክፍል የታፈነ ቤት ግን ያጣዋል። ከቤቱ በስተምዕራብ የሚተከል ዛፍ ከቀኑ 9 ሰዓት በኋላ የሚመጣውን ፀሐይ ይከላከላል። በዘጌ ልሳነ ምድር በቡና ደኑ ጥላ ሥር የተሠሩ ቤቶችን በእኩለ ቀን የጎበኘ ሰው የዛፍ ጥላ ምን ያህል እንደሚያቀዘቅዝ ለመረዳት ቴርሞሜትር አያሻውም።

ይህ ሁሉ የሚሠራው መስኮት ሲከፈት ነው። የሐይቁ ዳርቻ ግን የወባ ትንኝ ያለበት አካባቢ በመሆኑ ብዙ ቤተሰብ ከምሽቱ 12 ሰዓት ጀምሮ መስኮቱን ይዘጋል፤ ከዚያም በሙቀት ይታፈናል። በመስኮትና በበር ላይ የሚገጠም የትንኝ ወንፊት እንደ ቅንጦት ሊታይ አይገባም። ወንፊቱ የነፋሱን ፍጥነት በመጠኑ ቢቀንስም መስኮቱን ሌሊቱን ሙሉ ከፍቶ ለማደር ያስችላል። አልጋ ላይ የሚዘረጋው አጎበር በዚህ ምክንያት አይተውም።

ቬንትሌተርና በውሃ የሚሠራ ማቀዝቀዣ

ኮርኒስና የአየር መተላለፊያ ባለው ቤት፣ ለአብዛኛው የባሕር ዳር ነዋሪ የሚበቃው መሣሪያ ቬንትሌተር ነው። 60 ዋት የሚወስድ ቬንትሌተር በቀን 10 ሰዓት ቢሠራ በወር የሚፈጀው 18 ኪሎዋት ሰዓት ብቻ ነው። ቬንትሌተር የሰውን ገላ እንጂ የክፍሉን አየር ስለማያቀዘቅዝ ሰው በሌለበት ክፍል መተው ጥቅም የለውም። የኤሌክትሪክ መስመር ባልደረሰባቸው የሐይቁ ዳርና የደሴት መንደሮች በ12 ቮልት የሚሠሩ፣ ከ20 ዋት የማይበልጥ ኃይል የሚወስዱ ቬንትሌተሮችን ከመጠነኛ የሶላር ፓነልና ባትሪ ጋር መጠቀም ይቻላል። በእንዲህ ያለ አነስተኛ ሶላር ኤር ኮንዲሽነር ማስነሳት ግን አይቻልም።

በውሃ ትነት የሚሠራው ማቀዝቀዣ አየሩን በረጠበ ንጣፍ ውስጥ እያሳለፈ ያቀዘቅዛል። ኤሌክትሪክ የሚወስደው ከ100 እስከ 250 ዋት ገደማ ነው። ውጤቱ ሙሉ በሙሉ በአየሩ ድርቀት ላይ የተመሠረተ ነው። አየሩ 30 ዲግሪ ሆኖ አንጻራዊ እርጥበቱ 30 በመቶ ሲሆን ወደ ክፍሉ የሚገባው አየር ከ8 ዲግሪ ያላነሰ ሊቀዘቅዝ ይችላል። እርጥበቱ 80 በመቶ በሚሆንበት ክረምት ግን ልዩነቱ ከ2 ዲግሪ እምብዛም አያልፍም፤ ቤቱንም ያረጥባል። ስለዚህ በየካቲት፣ በመጋቢትና በሚያዝያ ጥሩ ምርጫ ሲሆን ዝናቡ ሲገባ ተጠርጎ፣ ደርቆ ይቀመጣል። ሲሠራ መስኮት መከፈት አለበት። ጋኑ ውስጥ የቆመ ውሃ የትንኝ መራቢያ እንዳይሆን ቢያንስ በሳምንት አንድ ጊዜ ሙሉ በሙሉ መደፋት ይኖርበታል።

ኤር ኮንዲሽነር መቼ ያስፈልጋል፣ እንዴትስ ይተካል

የታመመ ሰው ወይም አረጋዊ ያለበት፣ ከትልቅ መንገድ ዳር በመሆኑ በጩኸትና በአቧራ ምክንያት መስኮት የማይከፈትበት፣ ወይም በፎቅ ሕንፃ የላይኛው ወለል ላይ የሚገኝ ቤት ኤር ኮንዲሽነር ሊያስፈልገው ይችላል። ለብዙ ቤት አንዱን መኝታ ክፍል ማቀዝቀዝ በቂ ነው።

የመሣሪያው አቅም በቢቲዩ ይለካል፤ 12,000 ቢቲዩ በሰዓት 3.5 ኪሎዋት የማቀዝቀዝ አቅም ማለት ነው። ኮርኒስ ላለው 12 እስከ 16 ካሬ ሜትር መኝታ ክፍል 9,000 ቢቲዩ፣ ከዚያ ለሚሰፋው ሳሎን 12,000 ቢቲዩ መነሻ ሊሆን ይችላል። በዚህ ከፍታ የአየሩ ጥግግት በባሕር ጠለል ካለው በአንድ አምስተኛ ገደማ ያነሰ ስለሆነ የውጪው ክፍል ሙቀት የማስወገድ አቅሙ በመጠኑ ይቀንሳል። ሻጩን “ይህ ለስንት ሜትር ከፍታ ነው?” ብሎ መጠየቅ ተገቢ ነው። ሆኖም ቅናሹን ለማካካስ እጥፍ የሚሆን መሣሪያ መግዛት አይመከርም፤ ከልክ ያለፈ መሣሪያ ቶሎ ቶሎ እየበራና እየጠፋ ኮምፕሬሰሩን ያደክማል። ከዚህ ሌላ ጣና ጨው አልባ ውሃ ያለው ሐይቅ በመሆኑ ለባሕር ጠረፍ ተብሎ ለሚሠራ የፀረ ጨው ቅብ ተጨማሪ ገንዘብ መክፈል አያስፈልግም።

ኢንቨርተር ያለው መሣሪያ የመግዣ ዋጋው ከፍ ቢልም የኮምፕሬሰሩን ፍጥነት እንደ ሙቀቱ መጠን ስለሚያስተካክል ኤሌክትሪክ ይቆጥባል። ሁለት ወገን የሚሠራ፣ ማለትም የሚያቀዘቅዝም የሚያሞቅም ዓይነት ከሆነ፣ በታኅሣሥና በጥር በእያንዳንዱ ኪሎዋት ኤሌክትሪክ ሦስት ኪሎዋት ያህል ሙቀት ወደ ክፍሉ ያስገባል፤ ተራ የኤሌክትሪክ ሂተር የሚሰጠው አንድ ብቻ ነው። የባሕር ዳር ሌሊት በረዶ የሚሠራበት ስላልሆነ ይህ ዓይነቱ መሣሪያ ለአካባቢው ይስማማል። ኤር ኮንዲሽነር መግዛቱ አስቀድሞ ለተወሰነ ቤተሰብ ሌላ ማሞቂያ ለብቻው መግዛት የማያስፈልገውም ለዚህ ነው።

የቆየ መሣሪያ ሲበላሽ በመጀመሪያ የሚታየው በላዩ የተለጠፈው የጋዝ ዓይነት ነው። ብዙዎቹ አሮጌ መሣሪያዎች አር-22 የተባለውን ጋዝ ይጠቀማሉ። ይህ ጋዝ የኦዞን ንጣፍን ስለሚጎዳ እ.ኤ.አ. በ1987 በተፈረመው የሞንትሪያል ፕሮቶኮል መሠረት ኢትዮጵያን ጨምሮ በታዳጊ አገሮች ደረጃ በደረጃ እየተቀነሰ ሲሆን፣ ከ2030 በኋላ ለነባር መሣሪያዎች ጥገና ከሚተወው ጥቂት መጠን በቀር ከገበያ ይወጣል። ስለዚህ ጋዙ በየዓመቱ የሚያልቅበትን የአር-22 መሣሪያ እየሞሉ ከማቆየት መተካቱ ይመረጣል። ጋዝ በአገልግሎት ብዛት አያልቅም፤ ካነሰ የሚያፈስ ቦታ አለ ማለት ነው። ቀዳዳው ሳይፈለግ “ጋዝ ሞልቼዋለሁ” የሚል ባለሙያ ሥራውን አልጨረሰም።

በአሮጌው መሣሪያ ውስጥ ሌላ ጋዝ መሙላት በጥብቅ ሊወገድ ይገባል። አር-410ኤ የሚሠራበት ግፊት ከአር-22 በ60 በመቶ ያህል ስለሚበልጥ፣ ዘይቱም የተለየ ስለሆነ፣ ኮምፕሬሰሩና ቱቦው አይችሉትም። በአዲስ መሣሪያ ምርጫ ረገድ አር-32 የአየር ንብረትን የማሞቅ ኃይሉ ከአር-410ኤ አንድ ሦስተኛ ገደማ በመሆኑ የተሻለ ነው፤ ነገር ግን በመጠኑም ቢሆን ተቀጣጣይ ስለሆነ ተከላውም ጥገናውም በሠለጠነ ባለሙያ ይከናወን። አዲሱ መሣሪያ ሲተከል የአሮጌው የመዳብ ቱቦ መቀየር ይኖርበታል። ጋዙ ከመለቀቁ በፊትም ቱቦው በፓምፕ አየሩና እርጥበቱ መመጠጥ አለበት። ይህ ሥራ ጊዜ ስለሚወስድ አንዳንድ ጊዜ ይዘለላል፤ ደንበኛው ቆሞ ሊያየው ይገባል። የውጪው ክፍል ከምዕራብ ፀሐይ የተከለለ፣ አየር እንደልብ የሚያገኝ ቦታ ላይ ይቀመጣል። በበጋ አቧራ ምክንያት ማጣሪያው በየሁለትና በየሦስት ሳምንቱ መታጠብ አለበት።

የገላ መታጠቢያ ውሃ ማሞቂያ

በብዙ ቤት ከማቀዝቀዣው ይልቅ የኤሌክትሪክ ወጪውን የሚያበዛው ቦይለር ነው። 50 ሊትር ውሃ ከ20 ዲግሪ ወደ 55 ዲግሪ ለማድረስ 2 ኪሎዋት ሰዓት ያህል ያስፈልጋል፤ ይህ በየቀኑ ቢደረግ በወር 60 ኪሎዋት ሰዓት ነው። የተበላሸ ቦይለርን በሶላር ውሃ ማሞቂያ መተካት በባሕር ዳር በተለይ የሚያዋጣው፣ የሙቅ ውሃ ፍላጎት የሚበዛባቸው የታኅሣሥና የጥር ወራት ሰማዩ ጥርት የሚልባቸውም በመሆናቸው ነው። ያን ጊዜ ፀሐይ ወደ ደቡብ ስለምታዘነብል መሣሪያው ፊቱን ወደ ደቡብ አድርጎ፣ ከ15 እስከ 20 ዲግሪ አጋድሎ ይተከላል። በክረምት ደመና ጊዜ የሚረዳ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ በውስጡ ቢኖር ጥሩ ነው። ውሃ በፈረቃ በሚመጣበት ሰፈር ከማሞቂያው ከፍ ብሎ የሚቀመጥ ሮቶ ያስፈልጋል። ቆርቆሮውን የተሸከመው እንጨት የሁለቱን ክብደት መቻሉን ግንበኛ ወይም አናጢ ሳያይ ወደ ጣሪያ ማውጣት ግን አይገባም፤ 200 ሊትር ውሃ ብቻውን ሁለት ኩንታል ይመዝናል።

በቧንቧው ጫፍ የሚገጠመው ፈጣን ማሞቂያ ርካሽ ቢሆንም እስከ 5,500 ዋት ይወስዳል። ይህም በ220 ቮልት 25 አምፔር ነው። ለመብራትና ለሶኬት በተዘረጋ ቀጭን ሽቦ ላይ መግጠም እሳት ያስነሳል፤ የመሬት ሽቦ በሌለበት ቤት መግጠም ደግሞ የሚታጠበውን ሰው ሕይወት ያሳጣል።

የኤሌክትሪክ መስመሩና ክፍያው

የመኖሪያ ቤት ታሪፍ በእርከን የተከፋፈለ ነው፤ 50፣ 100፣ 200፣ 300፣ 400 እና 500 ኪሎዋት ሰዓት የእርከኖቹ ወሰኖች ናቸው። ወርሃዊ ፍጆታው ከፍ ባለ ቁጥር የአንዱ ኪሎዋት ሰዓት ዋጋም ይጨምራል። 1,100 ዋት የሚወስድ ኤር ኮንዲሽነር በቀን 6 ሰዓት ያለማቋረጥ ቢሠራ በወር 198 ኪሎዋት ሰዓት ይፈጃል። 2,000 ዋት ሂተር በቀን 4 ሰዓት ቢበራ 240 ይደርሳል። በዝቅተኛው እርከን ላይ የነበረ ቤተሰብ በአንድ መሣሪያ ብቻ ብዙ እርከን ሊዘል እንደሚችል አስቀድሞ ማስላት ይኖርበታል።

የእንጀራ ምጣድ፣ ቦይለርና ኤር ኮንዲሽነር በአንድ ሰዓት ከበሩ ድምሩ 30 አምፔር ገደማ ይደርሳል። ስለዚህ ምጣድ በሚጣድበት ሰዓት ሌሎቹን ማጥፋት ይገባል። ኤር ኮንዲሽነርና ውሃ ማሞቂያ እያንዳንዳቸው የራሳቸው መስመርና ብሬከር፣ የመሬት ሽቦና ለገላ መታጠቢያ ቤት 30 ሚሊ አምፔር መቁረጫ ሊኖራቸው ይገባል። የኃይል መዋዠቅ ኮምፕሬሰርን ቶሎ ስለሚያቃጥል፣ መብራት ጠፍቶ ሲመጣ ከ3 እስከ 5 ደቂቃ ቆይቶ የሚያስነሳ የቮልቴጅ መከላከያ መግጠም ከመሣሪያው ዋጋ አንጻር ትንሽ ወጪ ነው። የመስመር ዝርጋታውን የሚሠራው ሰው የብቃት ማረጋገጫ ያለው የኤሌክትሪክ ባለሙያ መሆኑን ማየት የደንበኛው መብት ነው። በቆጣሪና በመስመር ላይ ለሚያጋጥም ችግር የኢትዮጵያ ኤሌክትሪክ አገልግሎት በ905 ነጻ የስልክ መስመር ጥቆማ ይቀበላል።

ከአገልግሎት ውጪ የሆነው አሮጌ ኤር ኮንዲሽነር ለቁራሌው ከመሸጡ በፊት ጋዙ በባለሙያ ወደ ሲሊንደር መሰብሰብ አለበት። ቱቦውን በመጋዝ ቆርጦ ጋዙን ወደ አየር መልቀቅ አካባቢን ይጎዳል፤ በተዘጋ ክፍል ውስጥ ከሆነም ቆራጩን ራሱን ሊያፍን ይችላል።